የትምህርት ቤት መዘጋትና መከፈት በነገሌ ቦረናና በቆላው ከተሞች

(በራዲዮ የተነገረ)



በዚህች በተሰጠችኝ አጭር ጊዜ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር፥ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በደቡብ ቆላ ከተሞች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደ ተዘጉ፥ ተዘግተውም ሳሉ ምን እንደ ተሠራ፥ በኋላም እንዴት እንደ ተከፈቱ ነው። እኔ በዚያ ጊዜ ከነገሌ ቦረና ብዙ በማትርቅ አንዲት ከተማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበርሁ። ስለዚህ የምናገረው በዐይኔ ያየሁትንና በእጄ የሠራሁትን፥ እንዲሁም መሥራት ሲገባኝ ሳልሠራው የቀረሁትን ጭምር ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ወረርሽኙ አልፎ ሄዷል፤ ያለፈን ነገር ማንሣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ወረርሽኙስ በእርግጥ አልፏል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በቆላው አገር በድርቅ ምክንያት፥ በጎርፍ ምክንያት፥ በጸጥታም ጉድለት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተከፍተዋል፤ ተዘግተውም የቀሩ አሉ። ትምህርት ቤት መዝጋት በአንድ ደብዳቤ የሚፈጸም ነገር ነው። መክፈት ግን ብዙ ሥራ ይጠይቃል። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የምታረቅቁትና የምትፈርሙት እናንተ ስለ ሆናችሁ፥ ነገሩን ለእናንተ መናገር ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

እንደሚታወሰው ሁሉ፥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን፥ ማለት መጋቢት 7 ቀን፥ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። ትእዛዙ ለ15 ቀን ብቻ የሚል ነበር። ይህችን «15 ቀን» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ጥፋት የመጣው ከእርሷ ነውና። ተማሪዎቻችን የሚሄዱት ለሁለት ሳምንት መስሏቸው ደብተራቸውን በየዴስኩ ሥር ትተው ሄዱ። መምህራንም የማረሚያ ወረቀታቸውን በመሳቢያ ቆልፈው ወደየዘመዶቻቸው ተጓዙ። እኔም የተማሪዎቹን መኖሪያና የወላጆቻቸውን የስልክ ቁጥር ሳልመዘግብ በሩን ለዘበኛው አስረክቤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበሮች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤቱ ለ15 ቀን ብሎ የተዘጋው ሰባት ወር ሙሉ ሳይከፈት ቆየ። በመላው አገሪቱ ከትምህርት ገበታ የተለየው ተማሪ ቍጥር ከ26 ሚሊዮን በላይ ነበር።

የእኛን አገር ለማታውቁት ጥቂት ልግለጽ። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፥ በክብረ መንግሥት በኩል የሚያልፈው መንገድ ከደጋው ወርዶ ቆላውን በሚጀምርበት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ አዶ፥ በሌላው ወገን ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ የሚሄደው ምድር የከብትና የግመል አገር ነው። በዚያ ዘመን የሚቈጠረው በዝናብ ነው። ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘንበውን «ጋና» ይሉታል፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚዘንበውን «ሐጋያ» ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለው የበጋ ጊዜ የልጆች ጕልበት በጣም የሚፈለግበት ነው፤ ውሃው ሲርቅ ከብቱም ይርቃልና። የሚታለቡት ላሞች ከቤተ ሰቡ ጋር «ዋራ» ሲቀሩ፥ የቀሩት ከብቶች «ፎራ» ወደሚባለው የሩቅ ግጦሽ ይነዳሉ፤ የሚነዷቸውም ጐረምሶች ናቸው። የእኛ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ማለት እንግዲህ በዕድሜው ይኸው ጐረምሳ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር የቀን መቍጠሪያ መስከረምን የትምህርት መጀመሪያ፥ ሰኔን መጨረሻ ሲያደርግ፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የውሃ ጥም ጊዜ በመካከል አስገብቶታል። ይህ ሰላም በሆነ ዘመን እንኳ የሚያስቸግር ነገር ነው።

በሽታ መጥቶ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ሲያደርግ ለአገራችን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የታወቀው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚገመት ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚታጠነውም ከዚያ የተያያዘ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪ በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ ለእኛ ምሳሌ አይሆነንም። ይልቅስ የሚቀርበን ምሳሌ በ1967 ዓ.ም. የሆነው ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ክፍሎቻቸው ባዶ ቀሩ። ከዘመቻው በኋላ ሁሉም ወደ ትምህርቱ አለመመለሱን፥ በዚያ ትውልድ ያለፋችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ።

ሚያዝያ እንደ ገባ 15ቱ ቀን የውሸት መሆኑ ገባን። በከተማው የቀሩትን ጥቂት መምህራን ሰብስቤ ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅሁ። በአዲስ አበባ ያሉ ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ትምህርት መላክ ጀምረው ነበርና፥ አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር እኛም እንዲሁ እናድርግ አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ከተማሪዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ ያለው ማን ነው ብለን ስንቈጥር፥ የነጋዴ፥ የመንግሥት ሠራተኛና የሾፌር ልጆች ብቻ ሆነው ተገኙ። ከከተማ ወጣ ሲሉ ኔትወርክ የሚገኘው በኮረብታ ራስ ላይ ነው። በሰኔ ወር ደግሞ፥ ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፥ ኢንተርኔት በመላው አገር ለሳምንታት ተቋረጠ፤ ያ የቴሌግራም ነገር በዚያው አበቃ።

ሁለተኛው መንገድ ራዲዮ ነበር። በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ጀምሮ ነበር፤ መልካም ትምህርትም ነበር። ይህን የምናገረው በራዲዮ ስለ ሆነ አትታዘቡኝ እንጂ፥ ራዲዮ ይናገራል፤ አይሰማም። ተማሪው ያልገባውን ለማን ይጠይቅ? በዚያም ላይ የእኛ ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ እያሳየ፥ አንዳንዴም በአፉ ቋንቋ እየተረጐመ የሚያስረዳውን መምህር ያጣ ልጅ፥ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ከራዲዮ ብቻ ይማራል ማለት ከባድ ነገር ነው። የባትሪ ድንጋይ ዋጋም የሚናቅ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመለስን። በየትምህርቱ ዓይነት ባለ ሁለት ገጽ መልመጃ አዘጋጅተን፥ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዝተን፥ በገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጡ ወላጆች እንሰጥ ጀመር። እኔና ሁለት መምህራን አፋችንን ሸፍነን፥ ከሌላው ሰው ራቅ ብለን፥ በገበያው መግቢያ አንድ ጠረጴዛ ዘርግተን እንቀመጥ ነበር። ሰዎች ምርጫ አስመዝጋቢዎች ይመስሏቸው ነበር፤ ምርጫው ራሱ ለሌላ ጊዜ እንደ ተላለፈ ያልሰሙ ብዙዎች ነበሩ።

አንድ ቀን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛችን ቀረቡ። ልጃቸው ዐሥረኛ ክፍል ነበረ።

«ኦቦ፥ ልጁ የት ነው?» አልኋቸው።

«ፎራ ነው፤ ከከብቱ ጋር» አሉ። «ትምህርት ቤቱን እናንተ ዘጋችሁት፤ ከብቱን ግን ማንም አልዘጋውም።»

«ይህን ወረቀት ያደርሱልኛል?»

ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው ተመለከቱት። «ማድረሱን አደርሳለሁ፤ ሰው ይሄዳል። ሠርቶ ሲጨርስ ግን የሚያርምለት ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያች ቀን ድረስ ወረቀት መላካችንን ትልቅ ሥራ አድርገን ስንቈጥር፥ ተመልሶ እንዲመጣ ያሰበ ከእኛ መካከል አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለፈውን ወረቀት ሳይመልስ አዲስ የሚወስድ እንዳይኖር ወሰንን፤ የመጣውንም በቀይ እያረምን፥ የልጁን ስምና ያለበትን ቦታ በአንድ መዝገብ እየጻፍን መለስን። ያ መዝገብ በኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመን እነግራችኋለሁ። ከተላከው ወረቀት የተመለሰው ጥቂቱ ነው። ቢሆንም የተመለሰው ሁሉ አንድ ልጅ የት እንዳለ ይነግረን ነበር። አንዱ ከፎራ፥ አንዱ ከሻኪሶ በኩል ወርቅ ከሚቈፈርበት ቦታ፥ አንዱ ከሞያሌ መንገድ በጭነት መኪና ረዳትነት፥ አንዷ ከባሏ ቤት።

በዚያው ዓመት አንበጣ ቦረናንና ጉጂን ወርሮ ነበር፤ ለልጆቹ መራቅ እርሱም የራሱ ድርሻ ነበረው። ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይናገር።

በነሐሴና በመስከረም ስለ መከፈት ይነገር ጀመር። መመሪያው ሲደርሰን የሚለው ይህን ነበር፤ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ ይቀመጥ፤ ተማሪው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሲገባና ሲወጣ እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ። አከፋፈቱም በሦስት ዙር ሆነ፤ ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ የገጠሩ፥ ቀጥሎ የከተሞቹ፥ በመጨረሻ ጥቅምት 30 ቀን የአዲስ አበባው። የስምንተኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ስለሚጠብቃቸው ቅድሚያ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ያመለጣቸው ትምህርት እየተካካሰ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተወሰነ። የገጠሩ ቀድሞ መከፈቱ ትክክል ነበር፤ በሽታው የበረታው በትልልቁ ከተማ ነበርና። ነገር ግን ለመዘጋጀት ከሁሉ ያነሰ ጊዜና ከሁሉ ያነሰ ዕቃ ያለው የገጠሩ መሆኑን መመሪያው አላሰበም።

ለመክፈት ገብተን ስናየው፥ ምስጥ የመጽሐፍ ቤቱን ታችኛ መደርደሪያ ጨርሶት ነበር። በዴስክ ሥር የቀሩት ደብተሮችም አፈር ሆነው ተገኙ። የፍየል ነገር አይነሣ። መስኮቱን ማደስ፥ ወለሉን መጥረግ፥ ዴስኩን ማራራቅ በአንድ ሳምንት ተሠራ፤ መምህራኑም ዘበኛውም አካፋ ይዘው ሠሩ። ስድሳ ተማሪ ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል በሦስት ለመክፈል ግን ክፍልም መምህርም ስላልነበረን፥ በፈረቃ፥ አንዱ ወገን ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ፥ ሌላው ወገን ማክሰኞ፥ ሐሙስና ቅዳሜ እንዲመጣ አደረግን። ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከሚርቅ መንደር መጥቶ በከተማው ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ግን፥ የቤት ኪራዩን ለስድስት ቀን እየከፈለ ሦስት ቀን ብቻ ይማራል ማለት ነው። ከቤቱ የሚያመጣው ስንቅ በዚያው መጠን ማለቁ አይቀርም።

ከሁሉ የከበደን ግን ውሃው ነው።

አድማጮቼ ሆይ፥ በነገሌ ውሃ ቀላል ነገር አይደለም። ከእናንተ መካከል ዕድሜው የፈቀደለት እንደሚያስታውሰው፥ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ምክንያት ነበር። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ቢበላሽ፥ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ነገሩን ሊያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፥ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉና የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚገኘው ይህ ነው። በአንዲት የውሃ መሳቢያ መበላሸት የአንድ መንግሥት ታሪክ በተነካበት አገር፥ «ተማሪው ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ እጁን ይታጠብ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ሰዉ እርስ በርሱ ቢተያይ አይፈረድበትም።

በወረዳው ጽሕፈት ቤት ውሃ እንዲሰጠን ጠየቅን። ቦቴ ይመጣል ተባልን፤ ቦቴው አንድ ጊዜ መጣ። ስለዚህ ወላጆችን ሰበሰብን። እኔ ገንዘብ ልጠይቃቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እነርሱ ግን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ሥርዓት ተናገሩ። በቦረና የጥልቅ ጕድጓድ ውሃ፥ «ቱላ» የሚሉት፥ ማን በየትኛው ቀን ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራ የሚወሰንበት ሕግ አለው። ጕልበተኞች በመሰላል ተደራርበው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል፤ ተራውን የሚጠብቅና የሚያስጠብቅ ሰውም ይሾማል። አንድ አባት ተነሥተው «ትምህርት ቤቱም እንደ ጕድጓድ ተራ ይውጣለት» አሉ። እንዲሁም ሆነ። እያንዳንዱ መንደር በተራው ቀን በአህያ ጄሪካን ጭኖ ያመጣ ጀመር፤ በበሩም ሁለት በርሜል ቆመ፤ አንድ ተማሪ በኩባያ እያፈሰሰ ጓደኞቹን ያስታጥባል፤ የታጠቡበትም ውሃ ለችግኝ ይሄዳል። ሳሙናውን የከተማው ነጋዴዎች ሰጡን። ይህ ሥርዓት ለአራት ወር ያህል ሠራ። ለምን እንደ ቆመ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሩ ተከፈተ፤ ውሃው ቆመ፤ ማን መጣ?

በመጀመሪያው ሳምንት ቈጥረን ያገኘነው ለእኔ አሳፋሪ ነበር። ያ የገበያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያልመጣው ሁሉ የት እንደ ሄደ ባላወቅን ነበር። መዝገቡን ከክፍል ሮስተር ጋር እያስተያየን ያልመጡትን በሦስት ዝርዝር ከፈልናቸው። አንደኛው ዝርዝር ከከብት ጋር ያሉት ነው፤ እነዚህ ሐጋያ ሲዘንብ ይመጣሉ ተባለ። ሁለተኛው ወርቅ ቈፋሮና የመኪና ረዳትነት የሄዱት ነው፤ በእጃቸው ገንዘብ ስላዩ ለመመለስ የሚከብዳቸው እነዚህ ናቸው። ሦስተኛው የልጃገረዶቹ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ዝርዝር ጥቂት ልቆይ። ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ልጅ በቤተ ሰቧ ዘንድ «ተማሪ» ናት፤ ሽማግሌ ቢላክ «ትምህርቷን ትጨርስ» የሚል መልስ አለ። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ያ መልስ ጠፋ። አባት በክፋት ሳይሆን፥ መቼ እንደሚከፈት የሚነግረው ሰው ስላጣ፥ የመጣውን ሽማግሌ ተቀበለ። እኔ «15 ቀን» ብዬ ከመበተን ይልቅ፥ በየጊዜው እየላክሁ «ይከፈታል፤ ልጅዎ በመዝገባችን አለች» ብል ኖሮ፥ ቢያንስ ለአንዳንዱ አባት የሚመልሰው ቃል አቀብለው ነበር።

አንዲት ሴት መምህርትና ሁለት ሽማግሌዎች ሆነው ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። አንዳንዶቹ ተመለሱ። ከተመለሱት አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከወላጆች ኮሚቴ «ለሌሎቹ መጥፎ ምሳሌ ትሆናለች» የሚል ተነሣ። እኔ በዚያ ስብሰባ የሴራሊዮንን ነገር ነገርኋቸው። በዚያ አገር በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሲከፈቱ፥ መንግሥቱ ነፍሰ ጡር የሆኑ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ጋር እንዳይማሩ ከለከለ። ክልከላው እስኪነሣ አምስት ዓመት ፈጀ፤ የተነሣውም በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፥ እኛ ትምህርት ቤታችንን በዘጋንበት ወር ነው። በመዘጋቱ የተጐዳችውን ልጅ ሲከፈት ደግሞ መቅጣት ሁለት ጊዜ መበደል ነው አልኋቸው። ተከራከርን፤ በመጨረሻ ተቀበሉኝ። ልጅቱ እስከ ግንቦት ተማረች፤ ከዚያ በኋላ ወለደችና አልተመለሰችም። ስሟን ከሮስተሩ ሳልሰርዝ ብዙ ጊዜ አቆየሁት።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ሞያሌ ሄጄ ነበር። ሞያሌ እንደምታውቁት አንዷ ከተማ ሆና በሁለት መንግሥት የተከፈለች ናት። ኬንያ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የትምህርት ዘመኑ እንዳልነበረ ይቈጠራል ብላ ነበር፤ በኋላ ሐሳቧን አሻሽላ፥ ተፈታኞቹን ጥቅምት 2 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ የቀሩትን ታኅሣሥ 26 ቀን አስገብታ፥ ካቆሙበት እንዲቀጥሉ አደረገች። እኛ ደግሞ ወደሚቀጥለው ክፍል አሳለፍናቸው። እንግዲህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ፥ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ ምናልባትም የአጎትና የአክስት ልጆች፥ አንዱ ካቆመበት ገጽ ሲቀጥል ሌላው ገጹን ዘልሎ ሄደ። የትኛው ተሻለ ብትሉኝ፥ በእኔ አስተያየት ገጹን መዝለል ዋጋ አስከፍሎናል። ያመለጠውን ለማካካስ የተሰጠው ጊዜ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚበቃ ይመስላል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚማር ልጅ ግን አይበቃም።

የ2012 ተፈታኞች ለፈተና የተቀመጡት በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ፈተናው በታብሌት ይሆናል ተብሎ ብዙ ከተጠበቀ በኋላ እንደ ቀድሞው በወረቀት ተሰጠ። የእነርሱን ነገር በዚህ ልለፈው። እኔን የሚያሳስበኝ በተዘጋበት ዓመት ዐሥረኛ ክፍል የነበሩት ናቸው። እነዚህ የዐሥረኛን ግማሽ ሳይማሩ ዐሥራ አንደኛ ገቡ፤ ዐሥራ አንደኛን በፈረቃ ተማሩ፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈተኑ። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ጋዜጣው ስለ ኩረጃ መቅረት፥ ስለ መምህራን ችሎታ፥ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ጻፈ። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች መጋቢት 7 ቀን ደብተራቸውን በዴስክ ሥር ትተው የሄዱት ልጆች መሆናቸውን የጻፈ አላየሁም።

ውሃው ለምን ቆመ ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሐጋያ እንደሚገባ አልዘነበም። ከከብት ጋር ያሉት ልጆች «ሲዘንብ ይመጣሉ» የተባለላቸው እርሱን ተስፋ በማድረግ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጋናም ጐደለ፤ የሚቀጥለው ሐጋያም። እንዲህ እያለ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረናና በሱማሌ ቆላ ያለቀውን ከብት ያየ ሰው አይረሳውም። በየካቲት ወላጆቻችን በተራ የሚያመጡት ውሃ ለትምህርት ቤት ቀርቶ ለጥጃ እንኳ የማይበቃ ሆነ። መጥተው ይቅርታ ጠየቁን፤ እኔም በርሜሎቹን ገልብጬ አስቀመጥሁ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዝናቡ ከመጠን አልፎ በዶሎ አዶ በኩል ጎርፍ ሆነ፤ በዚያም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችሁ ላላችሁት የማቀርበው ልመና አለኝ። ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ስትጽፉ፥ በዚያው ደብዳቤ ላይ ዲሬክተሩ በሩን ከመቈለፉ በፊት የእያንዳንዱን ተማሪ መኖሪያና የቅርብ ሰው እንዲመዘግብ እዘዙ። አንድ ቀን ይበቃል፤ እኔ ያችን አንድ ቀን አላገኘኋትም። መጻሕፍቱ ለተማሪዎቹ ይሰጡ እንጂ በመጽሐፍ ቤት አይቈለፉ፤ ቢጠፉ ከምስጥ ይልቅ በልጅ እጅ ቢጠፉ ይሻላል። የመዝጊያውን ቀን ስትወስኑ የመክፈቻውን በጀት አብራችሁ አስቡ፤ የቦቴው ነዳጅም በዚያ ይግባ። ለቆላው አገር ደግሞ የትምህርት ቀን መቍጠሪያ ከዝናቡ ጋር ይስማማ ዘንድ፥ ክልሎቹ ካሰቡበት ሚኒስቴሩም ቢፈቅድ የሚቀር ነገር ያለ አይመስለኝም። በደጋው ትምህርት ቤት በክረምት የሚዘጋው ስለ ዝናቡ አይደለምን?

ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ከዚያ ትምህርት ቤት ከለቀቅሁ በኋላ፥ በእኔ ቦታ የተተካው ባልደረባዬ አንድ ቀን ስልክ ደወለልኝ። ያ «ከከብት ጋር» በሚለው ዝርዝር የነበረው፥ የሽማግሌው ልጅ፥ ከብቱ አልቆ ወደ ከተማ መጥቶ ዐሥረኛ ክፍል ልመዝገብ ብሏል፤ ዕድሜው ግን አልፏል፤ ምን ላድርግ አለኝ። የማታ ትምህርት ክፍል እንዲያስገባውና፥ በገበያው መዝገብ ውስጥ ያረምንለት አራት ወረቀት ስላለ አውጥቶ እንዲያሳየው ነገርሁት። መዝገቡ በቢሮው ካለው ቁም ሣጥን ከላይኛው መደርደሪያ፥ ምስጥ በማይደርስበት ቦታ ነበር። አገኘው።